«ቸ በለው»፦ ኦርጋን ድምፃዊ የሆነበት አልበም

ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1946 ደብረ ብርሃን ተወለደ። በ10 ዓመቱ አዲስ አበባ ገባ፤ በ14 ዓመቱ ያለ አስተማሪ አኮርዲዮን መጫወት ጀመረ። ይህ የሰሜን ሸዋ ልጅ ከዋልያስ ባንድ ጓደኞቹ ጋር የሠራው «ቸ በለው» የተሰኘ አልበም ዛሬ በብዙ አገር ይደመጣል።

ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተቋቁሞ በአዲስ አበባ ሂልተን ለዓመታት ተጫውቷል። ከየአገሩ የሚመጣው የሆቴሉ እንግዳ ጃዝም ሶልም ፋንክም መስማት ይፈልግ ነበር። ፋንክ ጉልበቱ ያለው ምቱ ላይ ነው፤ ቤዙ አጭር ሐረግ እየደጋገመ ይጓዛል፣ ድራሙ ያጠብቀዋል፣ ጊታሩ በመሃል ቆረጥ ቆረጥ እያደረገ ይገባል። ዋልያሶች በዚህ ምት ላይ የአገራቸውን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች አስቀመጡበት።

አልበሙ እ.ኤ.አ. በ1977 በካይፋ ሪከርድስ ታትሞ ወጣ። ጊዜው የቀይ ሽብር ዘመን ነበር፤ የከተማዋን ምሽት ሰዓት እላፊ ጠርንፎት ነበር። ሥራው ሌላም ድፍረት ነበረበት። በአገራችን ዘፈን ጌታው ግጥሙና ድምፃዊው ነው፤ መሣሪያው አጃቢ ነው። «ቸ በለው» ግን የመሣሪያ ሙዚቃ ነው፤ ዜማውን የሚመራው የኃይሉ ኦርጋን ነው። የኦርጋን ቁልፍ እንደ ማሲንቆ ክር ድምፅን ማንሸራተት አይችልም። ኃይሉ ይህን የሚሞላው ከዋናው ድምፅ ጎን ያሉትን በፍጥነት ነካ ነካ በማድረግ ነው፤ ዜማው እንደ ዘፋኝ ጉሮሮ የሚርገበገበውም በዚህ ነው። የሞገስ ሀብቴ ሳክስፎንና የዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት አብረው ይመልሱለታል፤ የመላከ ገብሬ ቤዝ ከሥር ይዟቸው ይሄዳል። ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን ተሳትፏል።

ከአልበሙ ሥራዎች ሁሉ ርቆ የተጓዘው የግርማ በየነ ድርሰት «ሙዚቃዊ ስልት» ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተባሉት ስብስቦቹ አካቶታል፤ ዳክታሪስን የመሰሉ የውጭ ባንዶችም መልሰው ተጫውተውታል። የመጀመሪያው ሸክላ ግን እየጠፋ ሄዶ የሰብሳቢዎች ብርቅ ዕቃ ሆነ።

ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሄደ፤ ኃይሉን ጨምሮ ከአባላቱ አንዳንዶቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ኖረ፤ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ ባሕር ዳር ላይ ያገኘውን የኃይሉን የ1985 (እ.ኤ.አ.) ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመ፤ በቀጣዩ ዓመት «ቸ በለው» ተከተለ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጣ።

ይህን ሙዚቃ ለንደንና ኒው ዮርክ ያሉ ወጣቶች ሸክላውን እየገዙ ሲሰሙት የደብረ ብርሃን ተማሪ ባለቤቱን ሳያውቅ ማደግ የለበትም። የደብረ ብርሃን የሙዚቃ መምህራን ሆይ፣ «ቸ በለው»ን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለተማሪዎቻችሁ አሰሙ፤ ኦርጋኑን የሚጫወተው የከተማቸው ልጅ መሆኑንም ንገሯቸው።