አጥፍቻለሁ ማለት አያሳንስም

ምላስና ጥርስ አብረው እየኖሩ ይጋጫሉ። ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ፣ ወንድምና እህትም እንዲሁ ናቸው። ቤት የሚፈርሰው በመጋጨት ብቻ አይደለም። ከተጋጩ በኋላ ዝም በመባባል ነው።

እኔ የማውቀውን አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

አንድ ጎረቤታችን በጥር ወር ለጤፍ ውቂያ ደቦ ጠራ። ፀሐይ ከረረች፤ ምሳ ግን አልደረሰም። ሚስቱ እንስራዋን አዝላ ስትመጣ በሰው ሁሉ ፊት «አንቺ ሰነፍ፣ አዋረድሽኝ!» ብሎ ጮኸባት። እሷ ምንም አልመለሰችም።

ማታ ነገሩን ከልጁ ሰማ። ለካ የቅርቡ ምንጭ ደርቆ ወንዝ ድረስ ወርዳ ኖሯል። ጸጸተው። ይቅርታ ለማለት ግን አፉ እምቢ አለው። በገበያ ቀን ነጠላ ገዝቶ አመጣላት። ተቀብላ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። እንጀራ ታቀርባለች፣ ቡና ታፈላለች፤ ቃል ግን የለም። 8 ቀን እንዲህ አለፈ። በ9ኛው ቀን ወደ ወላጆቿ ልትሄድ ጓዟን ስትሸክፍ አያት።

ያን ጊዜ ደነገጠ። ደቦ የዋሉትን ጎረቤቶች ቡና ጠራ። ከመቀመጫው ተነሥቶ እንዲህ አለ፦

«በእናንተ ፊት ሰድቤያታለሁ። ሰነፍ አይደለችም። ሳልጠይቅ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «የቸገረኝ ነጠላ አልነበረም፤ ይቺው ቃል ነበረች» አለችና ቡናውን ቀዳች። በሚቀጥለው ገበያ ነጠላዋን ለብሳ አየናት።

ከዚህ 3 ነገር እንማራለን።

1ኛ፣ ጥፋትን በስሙ መጥራት ነው። «አጥፍቼ ከሆነ» ማለት ይቅርታ አይደለም።

2ኛ፣ በሰው ፊት የሰደበ በሰው ፊት ይቅርታ ይጠይቅ። ጓዳ ገብቶ ማንሾካሾክ አይበቃም።

3ኛ፣ የተበደለውን ማጣደፍ አይገባም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ጉዳት ካለ ካሣ ይከፈል። ሽማግሌ የሚላከው የተበደለው እንዲካስ ነው እንጂ አፉን እንዲዘጋ አይደለም።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በብዙ አገራችን ያጠፋ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ በተበደለው ፊት ይቆማል። «ይቅር ብያለሁ» ሲባል ድንጋዩን ያወርዳል። ወሎ ውስጥም «አፉ በሉኝ» ሲባል «አፉ ብያለሁ» ይባላል። ድንጋዩ ከባድ ነው፤ ቂም ግን ከድንጋይ ይከብዳል።

ፊት ለፊት መናገር ያፈረስ? እርሳስ ያንሣ! ከሩቅ ላለች እህቱ «እህቴ ሆይ፣ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በይኝ» ብሎ ይጻፍ። አንድ መስመር ናት። ፊደል የቆጠረ ሰው ይህን ደብዳቤ ለማንም ሳያስጽፍ፣ በገዛ እጁ ይጽፋል።

እስቲ ዛሬ ማታ እሳት ዳር ስትቀመጡ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ቃላችሁን የሚጠብቅ ሰው ይኖር ይሆን?