በአየር ላይ ዘበኛ፥ በቤት አባት

ወታደርን የጣለውን ጠላት ቈጥሮ ማመስገን የቈየ ልማድ ነው። ነገሩን ጠልቆ ለሚመረምር ሰው ግን የወታደር ዋና ሥራው መጠበቅ ነው እንጂ መግደል አይደለም። ባለትዳር የሆነ ወታደርም ሁለት አደራ አለበት፤ አንደኛው የአገሩ፥ ሁለተኛውም የቤቱ ነው። ሁለቱን አስማምተው ከፈጸሙት ሰዎች አንዱ፥ የአሜሪካን አየር ኃይል 30 ዓመት ያገለገሉት ቻርልስ ማጊ ናቸው። እኒህን ሰው ለአንባቢ ለማስተዋወቅ የሕይወታቸውን ታሪክ በአጭሩ እንጽፋለን፤ ዘመኑም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ማጊ ዲሴምበር 7 ቀን 1919 ዓ.ም. በክሊቭላንድ ከተማ ተወለዱ። እናታቸው ታናሽ እኅታቸውን ወልደው ብዙ ሳይቈዩ ስለ ሞቱ፥ የእናት ፍቅር ሳይጠግቡ አደጉ። አባታቸው መምህርና ሰባኪ ስለ ነበሩ፥ ሥራ ወደ ጠራቸው ሁሉ ቤተ ሰባቸውን ይዘው ካገር ወዳገር ይዘዋወሩ ነበር። ልጁም አድገው በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ትምህርት ጀመሩ። በኦክቶበር 1942 ዓ.ም. ፍራንሲስ ኔልሰን የተባሉትን ወይዘሪት አገቡ፤ ነገር ግን የሰርጉ ደስታ ሳይበርድ፥ በዚያው ወር ወደ ጦሩ ተጠርተው ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

የተላኩትም በአላባማ ግዛት ወደሚገኘው ወደ ቱስኪጊ ነበር። ይህ ስም ለኢትዮጵያ ሰው ባዕድ አይደለም፤ በ1935 ዓ.ም. በጭንቅ ጊዜ መጥተው አይሮፕላን እየነዱ ኢትዮጵያን ያገለገሉት፥ በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያረፉት ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን የዚያ ትምህርት ቤት ልጅ ነበሩ። ማጊ ወደዚያ ሲጓዙ፥ ባቡሩ ከኢሊኖይ ደቡብ ወጥቶ ወደ ደቡብ ግዛቶች ሲገባ፥ ከተቀመጡበት ተነሥተው ለጥቁሮች ወደ ተለየው ሥፍራ መዛወር ግድ ሆነባቸው። የአሜሪካ ጦር ትምህርት ቤት በ1925 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ጥቁር ሰው ለጦር ሥራ ብቃት እንደሌለው ተናግሮ ነበርና፥ የቱስኪጊ ልጆች በጠላት ላይ ከመዝመታቸው በፊት ይህን ሐሰት ማሸነፍ ነበረባቸው።

በ1944 ዓ.ም. መጀመሪያ ማጊ ወደ ኢጣልያ ተሻግረው በ332ኛው የተዋጊ አይሮፕላን ክፍል ተሰለፉ። ከጥቂት ወራትም በኋላ የዚህ ክፍል ሥራ ቦምብ የሚጥሉትን ከባድ አይሮፕላኖች አጅቦ ማድረስና መመለስ ሆነ። አዛዣቸው ቤንጃሚን ዴቪስ፥ ስም ለማግኘት ብሎ ጠላት ሲያሳድድ የሚያጅባቸውን ጥሎ የሚሄድ እንዳይኖር አጥብቀው አዘዙ። ነገሩ እረኛ ተኵላ አባርራለሁ ሲል በጎቹን በሜዳ እንዳይበትን እንደ ማለት ነው። ማጊም በዚያው ዓመት በኦገስት 24 ቀን በቼኮስሎቫክያ ሰማይ ላይ አንድ የጀርመን ተዋጊ አይሮፕላን መትተው ጣሉ።

በአይሮፕላናቸው አፍንጫ ላይ «ኪተን» የሚል ቃል ተጽፎ ነበር። ትርጓሜውም የድመት ግልገል ማለት ሲሆን፥ ሚስታቸውን በፍቅር የሚጠሩበት ስም ነው። መካኒኩም ሞተሩን እንደ ድመት ግልገል በለስላሳ ድምፅ እንዲሠራ አድርጎ ስለሚጠብቀው፥ ስሙ ለሁለቱም ተስማማ። እንዲህ ሆኖ ወደ ሞት ሥፍራ ሲበሩ እንኳ የቤታቸው ስም ከፊታቸው ይቀድም ነበር።

በ1948 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ትሩማን በጦሩ ውስጥ የነበረው የቀለም ልዩነት እንዲቀር አዘዙ። ማጊ ከዚያ በኋላ በኮርያ 100 ጊዜ፥ በቬትናም ደግሞ ከ170 ጊዜ በላይ ለግዳጅ በረሩ፤ የሦስቱም ጦርነት በጠቅላላው 409 ነው። ይህ ቍጥር በጋዜጣ ሲነበብ ያስደንቃል፤ በወታደር ቤት ግን ሌላ ትርጕም አለው። ባል በሄደ ቍጥር ሚስት አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች ልጆችን ይዛ የምትጠብቅበት ቀን ነውና። ስለዚህ የማጊ ክብር ሲነገር የወይዘሮ ፍራንሲስም ትዕግሥት አብሮ ሊነገር ይገባል።

በ1973 ዓ.ም. በኮሎኔልነት ማዕረግ ጡረታ ወጡ። ጦርነት ያቋረጠባቸውን ትምህርት ግን አልረሱትምና፥ በ1978 ዓ.ም. የኮሌጅ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ወጣቶችንም ማስተዋልን፥ መዘጋጀትን፥ መፈጸምንና መጽናትን ይመክሩ ነበር። ወይዘሮ ፍራንሲስ ከ50 ዓመት በላይ አብረው ኖረው በ1994 ዓ.ም. ዐረፉ። መንግሥታቸው የብርጋዴር ጄኔራልነትን የክብር ማዕረግ የሰጣቸው በ2020 ዓ.ም.፥ በ100 ዓመት ዕድሜያቸው ነው። በዚያም ቀን ማታ በአሜሪካ ምክር ቤት ሕዝብ ሁሉ ተነሥቶ ሲያጨበጭብላቸው፥ ከጎናቸው የልጅ ልጃቸው ልጅ ነበረ። ጃንዋሪ 16 ቀን 2022 ዓ.ም. በ102 ዓመታቸው በእንቅልፋቸው ዐረፉ።

ለኒህ ሰው ከኮከቡና ከሜዳዩ የበለጠ ምስክር አለ፤ የሕይወታቸውን ታሪክ በመጽሐፍ የጻፈችው የገዛ ልጃቸው ናት። አለቃ ሰውን በጦር ሜዳ ያየዋል፤ ልጅ ግን ጫማውን አውልቆ፥ ደክሞትና ተቈጥቶ ሳለ ታየዋለች። በቅርብ ያየችው ልጁ ያከበረችው አባት በእውነት የተከበረ ነው። ዛሬ የጦር ልብስ የሚለብስ ወጣት ሁሉ፥ የሚጠብቃት አገር ከደጁ እንደምትጀምር ከዚህ ታሪክ ይማር።