ዋልያስ ባንድ

ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የተቋቋመ የዘመናዊ ሙዚቃ ባንድ ነው። ስሙ በሰሜን ተራሮች ከሚኖረው ዋልያ የተወሰደ ነው። ባንዱ ከተበተነ ከብዙ ዓመታት በኋላ በውጭ አገር ወዳጆችን አፍርቷል። ለዚህ ያበቁት አድማጮች እርስ በርሳቸው የተቀባበሏቸው ሸክላዎችና ካሴቶች ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አመሠራረት

በዚያ ዘመን የአዲስ አበባ የምሽት ክበቦች መሣሪያዎቹን ራሳቸው ገዝተው ሙዚቀኛ ይቀጥሩ ነበር። መሣሪያው የባለቤቱ ስለሆነ ተጫዋቹ ክበቡን ሲለቅ ባዶ እጁን ይወጣል። የዋልያስ አባላት ግን ገንዘብ አሰባስበው የራሳቸውን መሣሪያ ገዙ፤ ስለዚህ በፈለጉት ቦታ ተዋውለው መጫወት ቻሉ። ከታወቁት አባላት መካከል ኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ፣ ፒያኖ ተጫዋቹና አቀናባሪው ግርማ በየነ፣ ባስ ጊታር ተጫዋቹ መላከ ገብሬ እና ሳክስፎን ተጫዋቹ ሞገስ ሀብቴ ይገኙበታል።

የሂልተን ምሽቶች

ባንዱ ለዓመታት በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ተጫውቷል። ታዳሚው ከልዩ ልዩ አገር የመጣ እንግዳ ስለነበር የውጭ ዘፈኖችንም ማጥናት ግድ ነበር። ደርግ ሰዓት እላፊ ባወጀበት ጊዜ ወደ ምሽት ክበብ የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልም፤ ሙዚቀኞቹም ሌሊቱን ሙሉ ይጫወቱ ነበር። የባንዱ አባላት ተናብበው መጫወታቸው ከእነዚህ ረጃጅም ሌሊቶች የመጣ ይመስላል።

«ቸ በለው» የተባለው የሙዚቃ መሣሪያ አልበም በ1977 ወጣ። ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን ተሳትፎበታል። የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» ያለውም በዚሁ አልበም ነው፤ ይህን ዜማ በኋላ በርካታ የውጭ ባንዶች ደግመው ተጫውተውታል። በዘመኑ የዘፈን ግጥም በሳንሱር ይመረመር ስለነበር፣ ግጥም የሌለው ሙዚቃ ከዚህ ጣጣ የተሻለ ነፃነት ነበረው።

በ1981 ባንዱ ከማሕሙድ አህመድ ጋር ወደ አሜሪካ ተጉዞ ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች ተጫወተ። ጉዞው ሲያበቃ ከላይ የተጠቀሱት አራቱ እዚያው ቀሩ፤ ሌሎቹ ተመለሱ።

ካሴት ከእጅ ወደ እጅ

ሂልተን ገብቶ ባንዱን ማየት የቻለ ጥቂት ሰው ነው። በባሕር ዳርም ሆነ በሰቆጣ ለሚኖር አድማጭ ሙዚቃው የሚደርሰው በካሴት ነበር። ካሴት በባትሪ ይሠራል፣ በቀላሉም ይገለበጣል። አንዱ የወደደውን ለወዳጁ ያውሰዋል፣ ወዳጁም ገልብጦ ይመልሳል። በእያንዳንዱ ግልባጭ ድምፁ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ሙዚቀኛውም ከግልባጩ ምንም አያገኝም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ2004 ነው፤ ለዋልያስ ዘመን በጣም ዘግይቷል። ነገር ግን ያለ ግልባጩ ብዙ ሥራ ይጠፋ እንደነበር መካድ አይቻልም። ሁለቱም እውነት ናቸው።

በአውሮፓም መንገዱ ተመሳሳይ ነበር። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1984 የማሕሙድ አህመድን «እሬ መላ መላ» ሰምቶ ተደነቀ፤ በካሴት እየገለበጠም ለሚያውቃቸው ሰዎች ላከ። ሥራው በ1986 በቤልጅየም ታተመ። ፋልሴቶ በ1997 የጀመረው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘ ተከታታይ የሲዲ ኅትመትም የዋልያስን ሙዚቃ ለአዲስ አድማጭ አድርሷል።

ኃይሉ መርጊያ በበኩሉ በዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪያገኝ ድረስ መኪናው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። በ1985 አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ኪቦርዶች ጋር አዋህዶ የቀረጸው «ሸሞንሟናዬ» የተባለ ካሴት አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ እጅ የገባው ባሕር ዳር ከሚገኝ ሙዚቃ ቤት ነው። ሺምኮቪትዝ የአፍሪካ ካሴቶችን እየሰበሰበ ለሌሎች አፍቃሪዎች የሚያካፍል ሰው ነው። ይህን ግን ገልብጦ ብቻ አላለፈም፤ ባለቤቱን ፈልጎ በስልክ አገኘውና በስምምነት በ2013 አሳተመው። «ቸ በለው» በተከታዩ ዓመት እንደገና ወጣ።

ኃይሉ ከዚያ ወዲህ ወደ መድረክ ተመልሷል። በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ። በ2016 በኒው ዮርክ ብሩክሊን በመድረክ ያቀረበው ዝግጅትም በቀጥታ ተቀርጾ በ2023 ለአድማጭ ቀርቧል።