ቀዩ ደረት፣ የታጠበው ሰማይ

ይህ በመካከላችን ይቅርልኝ። ደባርቅ ላይ ፎቶ አንሺዎች ተሰብስበን አንዳችን የሌላችንን ሥራ ስናይ አቦል ላይ ይሞገሳል፣ ቶና ላይ ይተቻል። «አሪፍ ነው!» የሚባለው ጎብኚው አጠገባችን እስካለ ድረስ ነው። እሱ ከተሸኘ በኋላ ላፕቶፑ ዞር ይላል፤ ቀድሞ የሚጠየቀውም ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፦ «ደረቱን ነክተኸዋል እንዴ?»

የጭላዳ ዝንጀሮውን ደረት ማለታቸው ነው። ፎቶ ማረሚያው ላይትሩም ላይ ቀዩን ትንሽ ገፋ ካደረጉት ፎቶው ወዲያው ዓይን ይስባል፤ ገዢም ይወደዋል። ግን ያ ቀለም ጌጥ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ቶር በርግማንና ጃሲንታ ቢህነር እዚሁ ስሜን ተራሮች ፓርክ አጥንተው በ2009 እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ጋር እንዳሳተሙት፣ ሴቶችን ይዞ የሚመራ ወንድ ደረቱ ከወንደላጤው ይበልጥ ይቀላል። እንግዲህ ቀዩን የጨመረ አርታኢ ወንደላጤውን ያለ ጠብና ያለ ንክሻ ሾሞታል ማለት ነው! የሚገርመው፣ ተመራማሪዎቹም የሠሩት በካሜራ ነው። እንስሳውን ያነሱና እዚያው ብርሃን ላይ የቀለም ካርድ ደግመው ያነሳሉ፤ ቀለሙን የሚያርሙት በካርዱ ነው። እኛ ስለ ሌንስ ስንፎካከር እንውላለን እንጂ ያን ካርድ ቦርሳው ውስጥ የሚይዝ ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ሐሜት ስለ ሰማይ ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም ማብቂያ እስከ ኅዳር፣ አየሩ የጠራ ነው፤ ከእሜት ጎጎ ጫፍ ቆላው እርከን በእርከን ይታያል። የካቲት ላይ አቧራው ይነሳል። ያኔ ብዙ ሰው «ዲሄዝ» የሚባለውን ጭጋግ ማጥፊያ እስከ መጨረሻው ይጎትትና ሰማዩን የኢናሜል ሳህን ያስመስለዋል። ጓሳው ግን ደርቆ ቢጫ ሆኗል። ዳባት ያደገ ልጅ ይህን ለመያዝ ኮምፒውተር አያስፈልገውም፤ «ሣሩ የየካቲት፣ ሰማዩ የጥቅምት» ብሎ ያልፋል። ከዚህ የሚበልጥ ሂስ ከከተማ አላገኘሁም።

ድምፅ ዝቅ የሚለው ግን ከብቶቹ ላይ ሲደረስ ነው። በጭላዳው መንጋ ዳር የሚግጡትን በጎችና ፈረሶች ከፎቶው የሚያጠፋው ብዙ ነው፤ «ዱር እንዲመስል» ይላል። ስሜን በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገብቶ፣ የወጣው በ2017 ነው (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። ግጦሽ ፓርኩን ለዓመታት ካስጨነቁት ነገሮች አንዱ ነበር። በጎቹን ያጠፋ ሰው ያጠፋው ታሪኩን ነው። ፓርኩ ውስጥ ከነበረው የግጭ መንደር የተነሱት ሰዎችም ዛሬ ደባርቅ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ከድሮው ፎቶ ላይ ጎጆአቸውን ፍቆ «ንጹሕ መልክዓ ምድር» ብሎ ማሳየት እኔ ነውር እለዋለሁ። ናሽናል ጂኦግራፊክ እንኳን በየካቲት 1982 እ.ኤ.አ. ሽፋኑ ላይ የጊዛን ፒራሚዶች አቀራርቦ እስከ ዛሬ ይነሳበታል።

መንካት ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። የጭላዳ ፊት ጥቁር፣ ጎፈሩ ነጣ ያለ በመሆኑ ጥላውን ከፍ ካላደረጉት ዓይኑ አይታይም። ክሮፕም የተፈቀደ ነው፤ የስካውቱን (የፓርኩን ጠባቂ) ክላሽ አፈሙዝ ከጥግ መቁረጥ ማንንም አያሳስትም።

ስካውት ካነሳሁ አይቀር፦ ፎቶአችሁን ለሥራ ባልደረባ ከማሳየታችሁ በፊት አብሯችሁ ለዋለው ስካውት አሳዩት። «ጋሼ፣ ይሄ እንዴት ነው?» በሉት። ስለ ኮንትራስት አያወራም፤ «ይሄ ገደል እዚያ የለም» ካለ ግን ተመልሳችሁ ክፈቱት። ያልተነካውን ሮው ፋይል ደግሞ ኤዲት አልቋል ብላችሁ አታጥፉ፤ ትልልቆቹ ውድድሮች ለፍጻሜ ያለፈን ሰው የሚጠይቁት እሱን ነው።