ረቂቅ ልብ ወለድዎን ማን ያንብበው?

አጭር ልብ ወለድ ጽፎ የጨረሰ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያስነብበው እህቱን ወይም የልብ ጓደኛውን ነው። «ደስ ይላል፤ በርታ!» ይሉታል። ከፍቅር የመጣ ቃል ነው፤ ሁለተኛውን ረቂቅ ለመጻፍ ግን አይረዳም። ይሉኝታ የማይይዘው፣ ጸሐፊውን ሳይሆን ጽሑፉን ብቻ የሚያውቅ አንባቢ ያስፈልጋል። ረቂቃቸውን በበይነ መረብ እየተለዋወጡ የሚተቻቹ የጸሐፍት ቡድኖች ትልቁ ጥቅማቸው ይኸው ነው።

ልማዱ ከበይነ መረብ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1956 ዴመን ናይት፣ ጁዲት ሜሪልና ጄምስ ብሊሽ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ፣ ሚልፎርድ በምትባል ትንሽ ከተማ የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲያንን ማሰባሰብ ጀመሩ። በሚልፎርድ ስም በሚታወቀው ሥርዓት ተሳታፊዎቹ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ ተራ በተራ ይተቻሉ፤ የታሪኩ ባለቤት ሁሉም እስኪጨርሱ ዝም ብሎ ይሰማል። ይህ ዝምታ ለጀማሪ ይከብዳል፤ ለእኔ ግን የሥርዓቱ እምብርት እሱ ነው። መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ደራሲው አንባቢው አጠገብ ተቀምጦ «እዚህ ጋ ለማለት የፈለግሁት እኮ…» እያለ ሊያብራራ አይችልም። ወረቀቱ ላይ ያልሰፈረ ነገር አልተጻፈም።

በ1968 የተጀመረው የክላሪዮን የጽሑፍ ዐውደ ጥናት ይህንኑ መንገድ ተከተለ፤ ደራሲዋ ኦክታቪያ በትለርም ስሟ ሳይታወቅ በፊት በ1970 ተምራበታለች። በ1995 ደግሞ ክሪተርስ የተባለ የጸሐፍት ቡድን ይህንኑ የመተቻቸት ሥራ በኢሜይል ማካሄድ ጀመረ። ደንቡ ግልጽ ነው፦ የራሱን ታሪክ ማስተቸት የሚፈልግ አባል የሌሎችን እያነበበ አዘውትሮ ትችት መጻፍ አለበት።

ብዙዎች ይህን ግዴታ እንደ ክፍያ ያዩታል። እኔ ዋናው ትምህርት እሱ ነው እላለሁ። የራሳችንን ታሪክ ስናነብ የጎደለውን አእምሯችን ይሞላልናል፤ የማናውቀውን ሰው ረቂቅ ስናነብ ግን የሚሞላልን የለም። ገጸ ባህርይው ለምን እንደተቆጣ ሳይገባን ሦስት ገጽ ስንጓዝ፣ ግራ ያጋባንን ቦታ ፈልገን ምክንያቱን ለመጻፍ ስንታገል፣ ያው ጉድለት በራሳችን ረቂቅ ውስጥ መታየት ይጀምራል።

ጥሩ ትችት አንባቢው ላይ የሆነውን ይናገራል። «ደካማ ነው» የሚል ቃል ለደራሲው መያዣ የለውም። «ወንድምየው ከመምጣቱ በፊት ባለው ገጽ ሰለቸኝ፤ ደብዳቤውን ማን እንደጻፈው ደግሞ እስከ መጨረሻው አልገባኝም» ሲባል ግን የት መሥራት እንዳለበት ያውቃል። የሚያስተቸውም ቢሆን «እንዴት ነው?» ብሎ ከሚልክ ጥያቄውን ቢያጠብ ይሻለዋል፦ የት ማንበብ አቆማችሁ? እናትየዋን አመናችኋት?

የጸሐፍት ቡድን ከቅኔ ቤት የሚለይበት ነገር አለ። ቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል፤ እርማቱ ሥልጣን አለው። በጸሐፍት ቡድን ውስጥ ግን ሁሉም እኩያ ነው፤ የመጨረሻው ፍርድ የደራሲው ነው። አንዱ «አባትየው ይሙት»፣ ሌላው «ከተማውን ቀይረው»፣ ሦስተኛው «ምዕራፉን አውጣው» ይሉ ይሆናል። መድኃኒቶቹ አይስማሙም፤ ሦስቱም የቆሙት ግን አንድ ገጽ ላይ ከሆነ፣ እዚያ ገጽ ላይ አንድ ችግር አለ። ቦታውን ይመኑ፤ መፍትሔውን ራስዎ ይፈልጉ።

ቡድን ሲመርጡ እርስዎ የሚጽፉትን ዓይነት ታሪክ ወደው የሚያነቡ ሰዎች ያሉበት ይሁን። ታሪኩንም ለሁሉም ክፍት በሆነ የቴሌግራም ቻናል ሙሉውን አይልቀቁ፤ ብዙ መጽሔቶችና ውድድሮች በይፋ የወጣን ሥራ እንደታተመ ይቆጥሩታል። አባላቱ ብቻ የሚያነቡበት ዝግ ቡድን ይሻላል። ሲገቡም የራስዎን ከመላክዎ በፊት የሁለት ሦስት ሰዎችን ታሪክ በጥንቃቄ አንብበው ይተቹ።