ኮከቧ ማባዣ ናት ወይስ ፖይንተር?

የሞረትና ጅሩዋ እነዋሪ መረሬ አፈር በክረምት ውኃ ይቋጥራል። ገበሬው ሰፋ ያለ መደብ በእጁ እየሠራ፣ በመካከሉ ቦይ እያወጣ ውኃውን ያፈሰዋል። ይህን የሚያሰላ ፕሮግራም በሲ++ እንጻፍ እንበል። ለመረሬም ለቀይ አፈርም እንዲያገለግል ቴምፕሌት እናደርገዋለን፤ ገና ያልታወቀውን የአፈር ዓይነት «መ» እንለዋለን። የዛሬ ኮምፓይለሮች በግዕዝ ፊደል የተሰየመ ቫሪያብል ይቀበላሉ፤ ቁልፍ ቃላቱን ግን እዚህ በንባባቸው አስቀምጣለሁ።

መ::ምርት * ስፋት;

«ምርት» ቁጥር ከሆነ መስመሩ ማባዛት ነው። የዓይነት ስም ከሆነ ደግሞ ኮከቧ ፖይንተር ናት፤ «ስፋት» የሚባል አዲስ ቫሪያብል ተፈጠረ ማለት ነው። «መ» ምን እንደሆነ ሳይታወቅ የ«ምርት»ም ማንነት አይታወቅም፤ እንዲህ ያለው ስም ጥገኛ ስም ይባላል።

ኮምፓይለሩ «መ» እስኪታወቅ ለምን አይጠብቅም? የሚጠብቁ ነበሩ። የማይክሮሶፍቱ ኮምፓይለር እስከ እ.ኤ.አ. 2017 ድረስ ቴምፕሌቱን የሚመረምረው በአብዛኛው ሥራ ላይ ሲውል ነበር። መዘዙም ከባድ ነው፦ ዛሬ የተጻፈው ስህተት ተደብቆ ይቆይና ቴምፕሌቱን በሚጠቀመው ሌላ ሰው እጅ ይፈነዳል። የ1998ቱ የሲ++ ስታንዳርድ ስለዚህ ምርመራውን በሁለት ዙር ከፈለው፤ ጥገኛ ያልሆነው ሁሉ ወዲያውኑ ይፈተሻል። ጥገኛው ስም ደግሞ ጸሐፊው ካልተናገረ በቀር ዓይነት አይደለም ተብሎ ይወሰዳል። መናገሪያው «ታይፕኔም» ነው፦

ታይፕኔም መ::ምርት * ስፋት;

ሲ++20 ከዓይነት ስም በቀር ሌላ ሊገባ በማይችልባቸው ብዙ ቦታዎች ቃሉን መጻፍ አያስገድድም። ትክክለኛ ውሳኔ ይመስለኛል፤ አሻሚነት በሌለበት ማብራሪያ መጠየቅ ተማሪን ያሰለቻል እንጂ አያስተምርም።

ሁለተኛው ቃል «ቴምፕሌት» ግን ይበልጥ ሊጤን ይገባዋል፤ እሱ ሲዘነጋ ኮዱ ለዓይን ጤነኛ ይመስላልና። «ማሳ» ዓይነቱ «መ» የሆነ ቫሪያብል ይሁን፦

ማሳ.አንብብ<7>(0)

እኛ «አንብብ» የተባለውን የቴምፕሌት ፈንክሽን በ7 ጠርተን 0 ሰጠነው እንላለን። ኮምፓይለሩ ግን የመጀመሪያዋን ምልክት «ያንሳል» ብሎ ያነባታል፦ «አንብብ» ከ7 ያንሳል? መልሱስ ከ0 ይበልጣል? ሰዋስዉ ያለ እንከን ያልፋል፤ ኤረሩ የሚመጣው «መ» በእውነተኛ ዓይነት ሲተካ ነው፤ ያኔም ስለ ንጽጽር ያወራል እንጂ የጎደለውን ቃል ላይነግረን ይችላል። መድኃኒቱ ከነጥቧ ቀጥሎ አንዲት ቃል ናት፦

ማሳ.ቴምፕሌት አንብብ<7>(0)