የቀድሞው አለቃ ሲመለስ አክሲዮን ገዢው ምን ያተርፋል?

መቀሌ፦ ኅዳር 11 ቀን 2015 ዓ.ም. እሑድ ምሽት ከወደ አሜሪካ አንድ ያልተጠበቀ ዜና ተሰማ። ዋልት ዲዝኒ የተባለው ግዙፍ የመዝናኛ ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጁን ቦብ ቼፔክን አሰናብቶ፣ ከእሳቸው በፊት ለ15 ዓመታት ያህል ኩባንያውን የመሩትንና በጡረታ የተገለሉትን ቦብ አይገርን መልሶ መሾሙን አስታወቀ። በማግሥቱ በኒው ዮርክ ገበያ አንዱ የዲዝኒ አክሲዮን ከ92 ዶላር ገደማ ተነስቶ 97 ዶላር ተኩል አካባቢ ዋለ። ከመቶ 6 በላይ ጭማሪ ነው። ከ1.8 ቢሊዮን በላይ አክሲዮን ላለው ኩባንያ ይህ በአንድ ቀን 10 ቢሊዮን ዶላር ያህል ማለት ነው። አንድም ፊልም አልወጣም፣ አንድም አዲስ ቲኬት አልተሸጠም፤ የተለወጠው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ብቻ ነበር።

መቀሌ በዚያ ሰሞን እንዲህ ያለውን ወሬ የምትሰማበት ስልክም ኢንተርኔትም አልነበራትም። የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ገና 18 ቀኑ ነበር። ባንኮች ከተዘጉ ከዓመት በላይ ሆኗቸው ስለነበር የከተማው ነጋዴ የሚያስበው የራሱን ተቀማጭ እንዴት እንደሚያወጣ እንጂ የሌላ አገር አክሲዮን አልነበረም። ዛሬ ነገሩ ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በመዝገቡ ላይ መጀመሪያ የሰፈረው ድርጅት ወጋገን ባንክ ነው። የወጋገን አክሲዮን ደግሞ በመቀሌ ነጋዴ እጅ አዲስ ነገር አይደለም። ስለዚህ «ሥራ አስኪያጅ ሲለወጥ የአክሲዮን ዋጋ ለምን ይነሳል፣ ለምንስ ይወድቃል?» የሚለው ጥያቄ ከእንግዲህ የሩቅ ሰዎች ጉዳይ ሆኖ አይቀርም።

አይገር የዲዝኒን ወንበር የያዙት እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ስማቸው የገነነው በግዢ ነው። በ2006 ፒክሳርን በ7.4 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2009 ማርቭልን በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ በ2012 ሉካስፊልምን በተመሳሳይ ዋጋ ገዙ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ግዢዎች እያንዳንዳቸው ያወጡትን ገንዘብ መልሰው እንዳመጡ የሚከራከር ብዙ ሰው የለም። በ2019 የተጠናቀቀው የፎክስ ግዢ ግን 71.3 ቢሊዮን ዶላር የፈጀ ሲሆን፣ ኩባንያውን ከባድ ዕዳ አሸክሞታል። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ዲዝኒ ፕላስ የተባለው ፊልም በኢንተርኔት በወርሃዊ ክፍያ የሚያሳየው አገልግሎት ተጀመረ። አይገርም በየካቲት 2020 ወንበሩን ለቼፔክ አስረከቡ። ወረርሽኙ የመዝናኛ ፓርኮቹን በር ሊያዘጋ ሳምንታት ሲቀሩት መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ዕዳውም፣ ኪሳራ የሚያመጣው አዲስ አገልግሎትም በአይገር ዘመን የተወጠኑ ናቸው፤ የተቆጠሩት ግን በቼፔክ መዝገብ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 መጨረሻ በተዘጋው ሩብ ዓመት ይኸው የኢንተርኔት ሥራ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ከሰረ። የቦርዱ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። በሰኔ 2022 የቼፔክን ውል በሙሉ ድምፅ ለሦስት ዓመት አደሰ፤ በኅዳር አባረራቸው። በአምስት ወር ውስጥ ሐሳቡን የለወጠ ቦርድ፣ አንድም ሲያድስ አልመረመረም፣ አንድም ሲያባርር ተደናግጧል። ገበያው ግን ይህን ሁሉ ትቶ የሚያውቀው ሰው በመመለሱ ብቻ ተደሰተ።

ደስታው ምን ያህል ቆየ? ያን ሰኞ በ97 ዶላር የገዛ ሰው በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ላይ አክሲዮኑን ከ80 ዶላር በታች አግኝቶታል። አይገር በተመለሱ በሦስት ወራቸው 7,000 ሠራተኞች እንደሚቀነሱና 5.5 ቢሊዮን ዶላር ወጪ እንደሚታጠፍ አስታወቁ። በ2023 የፊልም ጸሐፊዎችና ተዋንያን ሥራ በማቆማቸው ሆሊውድ ለወራት ተዘጋ። ኔልሰን ፔልዝ የተባሉት ባለሀብት የቦርድ ወንበር ይገባኛል ብለው ከባለአክሲዮኖች ድምፅ ለመሰብሰብ ዘመቱ፤ በሚያዝያ 2024ቱ ጉባዔ ተሸነፉ። በሌላ በኩል ከ2020 ጀምሮ ተቋርጦ የነበረው የትርፍ ድርሻ ክፍያ በጥር 2024 እንደገና ተጀመረ፤ ለአንድ አክሲዮን 30 ሣንቲም ብቻ ቢሆንም። የኢንተርኔቱ ሥራም በ2024 ሦስተኛው የበጀት ሩብ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ 47 ሚሊዮን ዶላር አተረፈ። ስለዚህ አይገር ሥራ አልሠሩም ማለት አይቻልም። ሥራው ግን ሃያ ወር ፈጀ፤ ገበያው የከፈለበት በአንድ ቀን ነው። በመካከሉ ያለውን የተሸከመው ቸኩሎ የገዛው ነው።

ወደ አገር ቤት ሲመጣ፣ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ታሪክ የሚገኘው በመዝናኛው ሳይሆን በአየር መንገዱ ዘንድ ነው። አቶ ግርማ ዋቄ የኢትዮጵያ አየር መንገድን የተቀላቀሉት እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። በ1993 ወደ ገልፍ ኤር ሄዱ። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 2004፣ ተመልሰው የዋና ሥራ አስፈጻሚውን ወንበር ያዙ። የነደፉት የ2010 ራዕይ የአየር መንገዱን ዓመታዊ ገቢ አንድ ቢሊዮን ዶላር ለማድረስ ያለመ ነበር፤ ግቡም ተመታ። በ2005 አሥር ቦይንግ 787 ድሪምላይነሮች ያዘዙትም እሳቸው ናቸው።

አውሮፕላኑ ግን በእሳቸው ዘመን አልደረሰም። የመጀመሪያው ድሪምላይነር አዲስ አበባ ያረፈው በነሐሴ 2012 ነው፤ ከጃፓን ውጪ አውሮፕላኑን በመረከብ ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሆነች። አቶ ግርማ ከሄዱ አንድ ዓመት ተኩል አልፎ ነበር፤ የተቀበሉት ተተኪያቸው አቶ ተወልደ ገብረማርያም ናቸው። የዲዝኒው ተገላቢጦሽ ነው። በዚያ ቀዳሚው ዕዳ ለተተኪው አወረሰ፤ በዚህ ቀዳሚው አውሮፕላን አወረሰ። የአንድን ሥራ አስኪያጅ ሥራ በዘመኑ መዝገብ ብቻ መመዘን እንደማይቻል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

አቶ ተወልደም የተቀመጡበትን ብቻ የጠበቁ አልነበሩም። በእሳቸው ዘመን አየር መንገዱ በአፍሪካ ትልቁ ሆነ። በመጋቢት 2019 የ157 ሰዎች ሕይወት የጠፋበትን የበረራ ቁጥር 302 አደጋ፣ ቀጥሎም ወረርሽኙን አሳልፈዋል። በወረርሽኙ ጊዜ የመንገደኛ አውሮፕላኖችን ወንበር አስነቅለው ጭነት በማጓጓዛቸው ሌሎች አየር መንገዶች ለመንግሥት እጃቸውን ሲዘረጉ የኢትዮጵያው በራሱ እግር ቆመ። በመጋቢት 2022 በጤና ምክንያት ለቀቁ። በዚያን ጊዜ ነው አቶ ግርማ ለሁለተኛ ጊዜ የተመለሱት። አመላለሳቸው ግን እንደ አይገር አልነበረም፤ የመጡት የቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ነው። የዕለት ሥራው የተሰጠው ለአቶ መስፍን ጣሰው ሲሆን፣ እሳቸውም በአየር መንገዱ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ያገለገሉና ቶጎ የሚገኘውን አስካይን ሲመሩ ቆይተው የተመለሱ ናቸው። ትልቁ ሰው ከላይ ሆኖ ይመክራል፣ አዲሱ ይሠራል። አቶ ግርማ በ2023 ሰብሳቢነቱን ለሌተና ጄኔራል ይልማ መርዳሳ ሲያስረክቡ የአየር መንገዱ ሥራ አንድ ቀን እንኳ አልተደናቀፈም።

ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መቀሌ የተመለሰው የመንገደኞች በረራ በእነዚሁ ሁለት ሰዎች አመራር ጊዜ የተደረገ ነው። በዚያ አውሮፕላን መምጣት የተነሳ ሸቀጡን፣ ገንዘቡንና ዘመዱን ያገኘ የከተማው ነጋዴ የአየር መንገዱን አመራር ለውጥ ዋጋ ለመገመት የአክሲዮን ሠሌዳ አላስፈለገውም። አየር መንገዱ የመንግሥት በመሆኑ ሠሌዳም የለውም። አቶ ግርማ በመመለሳቸው ገበያው ምን ያህል ይከፍል እንደነበር ማወቅ አይቻልም።

ለቡና ነጋዴዎች የሚሆን አንድ ሌላ ምሳሌም አለ። የይርጋ ጨፌ፣ የሐረርና የሲዳሞ ቡና የንግድ ስም ባለቤትነትን በተመለከተ ኢትዮጵያ ከስታርባክስ ጋር ስትከራከር ቆይታ በሰኔ 2007 ስትስማማ ኩባንያውን ይመሩ የነበሩት ጂም ዶናልድ ነበሩ። ወራት ሳይቆይ፣ በጥር 2008፣ ኩባንያውን ያሳደጉት ሃዋርድ ሹልትዝ እሳቸውን አስነስተው ወንበራቸውን መልሰው ያዙ። በ2022ም ለሦስተኛ ጊዜ ተመለሱ። አንድ ሰው ሦስት ጊዜ የሚጠራበት ኩባንያ የሰውየውን ችሎታ ያሳያል ቢባል እንኳ፣ የቦርዱን ድክመትም አብሮ ማሳየቱ አይቀርም።

በመቀሌ ይህ ጉዳይ ከባንክ አክሲዮን በታችም ይወርዳል። የከተማው አብዛኛው ንግድ የቤተሰብ ነው። የካዝናው ቁልፍ፣ የአቅራቢው ስም፣ ማን ምን ያህል ዱቤ እንደወሰደ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለበት ሱቅ ጥቂት አይደለም። በጦርነቱ ዓመታት ባለቤቱ የሞተበት ወይም የተሰደደበት ንግድ፣ ዕቃው ሳይዘረፍ እንኳ ዱቤውን መሰብሰብ ያልቻለው ለዚህ ነው። ልጅ ሥራውን ተረክቦ ሦስት ወር ሳይሞላው አባት «ቆይ እኔ ልየው» ብሎ ወደ ሱቁ ሲመለስ ደንበኛው ደስ ይለዋል። አቅራቢውም ዱቤውን ያለ ጥርጥር ይሰጣል። ልጁ ግን ከዚያ በኋላ ማን ያምነዋል?

የአክሲዮን አገናኞች ከእንግዲህ ለደንበኞቻቸው የሚያቀርቡት ወረቀት የትርፍ መጠንን፣ የተበላሸ ብድርንና የትርፍ ድርሻን ይይዛል። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ነገ ቢታመም ማን እንደሚተካው የሚገልጽ መስመር ግን በአብዛኛው የለበትም። የባንክ ሹመት ብሔራዊ ባንክ ሳያጸድቀው የማይጸና መሆኑ የተሿሚውን ብቃት ያጣራ እንደሆነ እንጂ፣ ተተኪ ማዘጋጀት የቦርዱ ሥራ መሆኑን አያስቀርም። በጠቅላላ ጉባዔ ላይ ስለ ትርፍ ድርሻ እጁን የሚያወጣ ባለአክሲዮን ብዙ ነው። ስለ ተተኪ የጠየቀ ካለ ቁጥሩ ትንሽ ነው።

ዲዝኒ ይህን ጥያቄ በቁም ነገር የያዘው ከወደቀ በኋላ ነው። የአይገር የሁለት ዓመት ውል በሐምሌ 2023 እስከ 2026 መጨረሻ ተራዘመ። በመጀመሪያው ዘመናቸውም ጡረታቸው እንዲሁ ደጋግሞ ተራዝሞ ስለነበር ይህ የሚያስገርም አልሆነም። በጥቅምት 2024 ግን ኩባንያው ተተኪውን በ2026 መጀመሪያ አስታውቃለሁ አለ፤ ለፍለጋውም የሞርጋን ስታንሊ አለቃ የነበሩትን ጄምስ ጎርማንን መደበ። ጎርማን የተመረጡበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የራሳቸውን ወንበር ሦስት ዕጩዎችን ከውስጥ አወዳድረው ለአንዱ ሲያስረክቡ፣ ሁለቱ ተሸናፊዎች ባንኩን ጥለው አልሄዱም።